የማንም ያልሆነው ፊት

ነገሌ፣ መጋቢት 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለድሮው ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አሥራ አንድ ዓመት «ከርመሃል» በሚለው ቃል ይሸፈን እንደሆነ አላውቅም፤ ሌላ ቃል ግን አጣሁለት። ወገብህስ ተሻለህ? ያን የቅየሳ መሣሪያ ተሸክመህ ውለህ ስትገባ ታቃስት ነበር። እናትህ በሕይወት አሉ? የቡሌ ሆራ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ «ደህና» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመብኝ። ስለዚህ እሱን ትቼ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ሹፌሩ ሰማታር ብጣሽ ወረቀትህን አድርሶልኛል። ከፋሲካ በኋላ ለመንገድ ሥራ መጥተህ ነገሌ ሁለት ቀን እንደምታድር፣ ብቅ ብትል ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። ሰማታር መልሱን ይዤ ልሂድ ብሎ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በሚቀጥለው ጉዞህ ና አልኩት። በሚቀጥለውም እንደዚያው አልኩት። ይኸው ሦስተኛው ነው፤ ግቢ ውስጥ ሻይ ይዞ ቁጭ ብሎ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ የመኪና ውል ነው የምትጽፊው እያለ ይስቅብኛል። ስልክ ያልደወልኩልህ ቁጥርህን አጥቼ አይደለም። በስልክ ሰው ያቋርጣል። ይህን ሳታቋርጠኝ እንድትሰማኝ ነው።

ወሬ ትወድ ስለነበር በወሬ ልጀምር። የአጥር ጎረቤቴ እትዬ አባይነሽ አሁንም አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ከአጥር ወዲያ ያለውን ሹክሹክታ ይለቅማል። መናኸሪያው አጠገብ ባለሦስት ፎቅ ሆቴል ተሠርቷል፤ ውሃው ግን ከምድር ቤት አልፎ ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ አክሊል ያው አክሊል ነው፤ የእንስሳት ጤና ሥራው ላይ ነው፣ ወሬው ጥቂት፣ ሳቁ ለስለስ ያለ። ዳማ ስትጫወቱ፣ ይህ ሰው ተሸንፎ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም እያለ ይቀልድብህ እንደነበር አትረሳውም። አንተ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሄድክ፤ እኛ ጥር ላይ ተጋባን። ልጃችን ሄራን ነሐሴ ላይ ተወለደች። እትዬ አባይነሽ አራስ ሊጠይቁ መጥተው ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገው፣ የሰባት ወር ልጅ እንዲህ ድብልብል ስትል አይቼ አላውቅም፣ መቼም የነገሌ ወተት ተአምር ነው አሉ። እኔ ሳቅኩ። አክሊልም ሳቀ። በወተቱ ነው የሳቀው ብዬ አሥር ዓመት ኖርኩ።

ድርቁን በሬዲዮ ሰምተህ ይሆናል፤ ዝናብ ተከታትሎ ሦስት ጊዜ ቀርቶብናል። የምጽፍልህ ግን ስለ ድርቁ አይደለም። ስለ ቁራ ነው። እባክህ አትሳቅ።

አንተ በነበርክበት ጊዜ ቁራ ስንል ያንን ደረቱ ነጭ የሆነውን ማለታችን ነበር። ከሄድክ በኋላ ሌላ መጣ፤ አንገቱ አመድማ፣ ከኛው ቁራ ቀጠን ያለ፣ የባሕር ዳርቻ አገር ቁራ ነው ይላሉ። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ በሞያሌ በኩል ነው የገባው። ሰማታር አራቱ ከዱብሉቅ ጀምሮ የኔው ሸራ ላይ ተደርድረው መጡ፣ ሂሳብ ሳይከፍሉ ወረዱ ብሎ ይምላል። መጀመሪያ ሰው ወደዳቸው። እትዬ አባይነሽ ግቢ ያጸዳሉ ብለው ትራፊ ይጥሉላቸው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የቄራው አጥር ጠቆረ። ጫጩት አላስቀር አሉ፣ የአህያ ቁስል እየጎረጎሩ ይበሉ ጀመር፣ አዲስ የተወለደ ግልገል ዓይን ይነቅላሉ። ከከተማ ሲተርፉ ወደ ሊበን ሜዳ ወጡ።

የሊበን ሜዳዋን ትንሽ ወፍ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። መሣሪያህን ተክለህ፣ ዝም በይ አልከኝ፤ ከሣሩ ውስጥ አንዲት አፈር የመሰለች ወፍ ብድግ ብላ፣ አየር ላይ እየተንሳፈፈች ዘምራ ዘምራ፣ እንደተወረወረ ድንጋይ ሣሩ ውስጥ ወደቀች። ከዚህ ሜዳ ሌላ ቤት የላትም ይላሉ አልከኝ። እንቁላሏን መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ለአመድማው ቁራ የተዘረጋ ገበታ ማለት ነው።

በ2007 የወፍ ፕሮጀክት መጣ። ኃላፊው ጎዳና የሚባል የቦረና ሰው ነው፤ «አካም፣ ናጋ» ብሎ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሥራ የሚጀምር፣ አማርኛው ሲፈጥንበት ወደ ኦሮምኛ የሚታጠፍ። ይህን ቁራ መግደል አይከብድም፣ የሚከብደው ከገደሉት በኋላ ያለው ነው አለን። ቁራው የበደለውን ሰው ፊት አይረሳም። ለጫጩቶቹ ያሳያል። በዚያን ቀን ያልተፈለፈለው እንኳ አድጎ ያንን ሰው ሲያይ ይጮህበታል፣ ይከተለዋል፣ ራሱን ይጠቀጥቀዋል። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል አለ። የሚያለምድ ሰው አለ፤ የሚገድል ሰው አለ።

የምታለምደው ሸምሳ ሆነች፤ ቄራው በር ላይ ጨጓራና ሳምባ የምትሸጠዋ። እናንተ መንገድ ስትሠሩ ጠጠር ያወጣችሁበት ጉድጓድ አለ አይደል? ጠዋት ጠዋት በአንድ ሰዓት እዚያ እየወረደች፣ እያፏጨች፣ የተከተፈ ሳምባ ትበትንላቸዋለች። አሥራ አራት ቀን። በአሥራ አምስተኛው ሸምሳ ትቀራለች፤ በሷ ሰዓት፣ በሷ ፉጨት፣ መርዝ የተቀባውን ይዞ የሚወርደው ጭምብል ያደረገ ሰው ነው። ጥላቻው ጭምብሉ ላይ ይቀራል።

ጭምብሉን እኔ ሠራሁት። ለኬጂ ልጆቼ በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ አሻንጉሊት እንደምሠራ ከተማው ያውቃል። ጎዳና መጥቶ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ነገሌ ውስጥ ማንም የሌለው ፊት ይሁን። የአንድ ሰው ፊት ከሆነ ያ ሰው አለቀለት።»

አስቤ እንዳልጀመርኩት እምልልሃለሁ። ጋዜጣውን እያራስኩ፣ ሄራን ሦስት ዓመት አልፏት እግሬ ሥር ሙጫ እየላሰች፣ እጄ ብቻውን ሲሠራ ቆየ። ግንባሩን ሰፊ አደረገው። አፍንጫውን ከመሃል ሰበር አደረገው። ሲደርቅ አንስቼ ወደ መስኮቱ ሳዞረው አንተ ነህ። መቅደድ እችል ነበር። አልቀደድኩትም። ተነስቼ ከመድኃኒት ሣጥኑ ጥጥ አወጣሁና ግንባሩ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ ነጭ ቁንጮ ለጠፍኩበት። በአሥር ዓመትህ የወጣብህን፣ አባትህም ነበረው ያልከኝን፣ አፍረህበት ኮፍያ ሥር የቀበርከውን። ነገሌ ውስጥ ከኔ በቀር ያንን ፀጉር ያየ የለም። ስለዚህ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት፤ ነገሌ ውስጥ ማንም የሌለው ፊት። አንተ ነገሌ ውስጥ አልነበርክማ። ተናድጄብህ ነበር፤ እሱን አልክድም።

የሚለብሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር የሰጠሁት። አክሊል ሆነ።

በመጀመሪያው ጠዋት ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኜ አየሁ። የባለቤቴ አካሄድ፣ የባለቤቴ ካፖርት፣ ከላይ ያንተ ፊት። እያፏጨ ወረደ። ቁራዎቹ ያለ ፍርሃት ዙሪያውን ከበው በሉ። መርዙ ወዲያው አይገድልም፤ በልተው፣ ጠጥተው፣ ተነስተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ በየቆርቆሮው ላይ እንደ በሰለ ማንጎ ይወድቁ ጀመር። የቀሩት ከጉድጓዱ አጠገብ በወደቁት ዙሪያ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አንድም አልጮኸም። ለቅሶ ቤት ገብተው የሚሉት የጠፋቸው ሰዎች ነበር የሚመስሉት። ከዚያ አክሊል የሞቱትን ሊሰበስብ በጭምብሉ ተመለሰ። ሁሉም ራሳቸውን ባንድ ጊዜ ወደሱ አዞሩ፤ አጠኑት። እኔ ያጠኑት አንተን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሥራው እንዲህ ቀጠለ። ማለማመዱ ሲነቃበት ጎዳና ዘዴ ለወጠ፤ አክሊል በጭምብሉ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ቁራዎቹ ሊጮኹበት ሲሰበሰቡ በጠመንጃ ይመቷቸዋል። አክሊል ሥራውን ጨርሶ ጭምብሉን ሳያወልቅ የግቢውን በር የሚከፍትበት ቀን ነበር። ላቤ እስኪደርቅ ብዬ ነው ይላል። ያንን ፊት ላለማየት ምሳውን አቀርቅሬ አቀርብለት ነበር።

በሺህ ከሚቆጠሩት ዘጠኝ ቀሩ። ዘጠኙ የቴሌው ማማ ላይ ይኖራሉ። ማንም ያስቀመጠላቸውን አይበሉም። የሜዳዋ ወፍ ግን ከዘጠኙም አታመልጥም፤ ባለፈው በጣለው ጥቂት ዝናብ ጎዳና ሜዳውን ሲዞር ሰንብቶ የሰማው የአሥራ አንድ ወንድ ወፎች ዜማ ብቻ ነው። ከሚመጣው ዝናብ በፊት ዘጠኙ ካላለቁ እንቁላሉ ተለቅሞ ያበቃል ይላል። ሲናገር ወደ ሰው አያይም፤ ወደ ሜዳው ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ሄራን ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት ወደሷ ላለመድረስ እንደሆነ ገብቶህ ይሆናል።

ነሐሴ ላይ አሥር ዓመት ሞላት። ፀጉሯን ስሠራ ግንባሯ ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ አንድ ነጭ ዘለላ አገኘሁ። ነቀልኩት። በሳምንቱ ቦታው ሙሉ ነጭ ሆኖ መጣ። ሸምሳ ሂና ለቀለቀችላት፤ ብርቱካን ሆነ። እትዬ አባይነሽ ድንጋጤ ነው፣ ልጅቷን ምን አስደንግጣችሁብኝ ነው ብለው ጠበል አመጡ። አክሊል ዘለላውን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ ያምርባታል አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ጥር ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ቁራ ከማማው ወርዶ ከአጥር አጥር እየዘለለ እስከ ቤት ሸኛት። በማግሥቱ ሦስት ሆኑ። በሳምንቱ ዘጠኙም። የትምህርት ቤቱ ልጆች ቀለዱባት፤ የቁራ ሙሽራ፣ ሚዜዎችሽ መጡልሽ እያሉ። ሻሽ አሰርኩላት። ሁለት ቀን ተታለሉ። በሦስተኛው ቀን ገበያ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንዱ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፎ ሲበር ሌሎቹ ባንድ ድምፅ ጮኹ። ሰው ሁሉ ቆመ። ከቅንድቧ በላይ አራት ስፌት ተሰፋች፤ ትንሽ ዝቅ ቢል ዓይኗ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት አትወጣም። ሰባት ሳምንት ሆናት። ደብተሯን ጓደኞቿ ያመጡላታል። ቁራዎቹ ጣራችን ላይ ናቸው። አይጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ወዲያ ወዲህ ይራመዳሉ። እሷ ከጓዳ ወደ ሳሎን ስትሄድ እነሱም ከጓዳው በላይ ወደ ሳሎኑ በላይ ይሄዳሉ። እሷ ስትቆም ይቆማሉ። ይህን ስጽፍልህ ጠረጴዛው ማዶ ሒሳቧን እየሠራች ነው፤ ከራሷ በላይ ያለው ቆርቆሮ ጭጭ ብሏል። ባለፈው እርሳሷን አስቀምጣ ቀና አለችና፣

«እማ፣ እኔ ማንን ነው የምመስላቸው?» አለችኝ።

የሥራ ሰዓት ደረሰብኝ ብዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ነበር።

አክሊል ጭምብሉን ግንድ ላይ ሰክቶ ሊበን ሜዳ ላይ ተከለው፤ ከልጅቷ ተነስተው ወደሱ እንዲሄዱ። በላዩ አልፈውት ወደኛ መጡ። ሰባት ዓመት ሲያሳድዱት የኖሩትን ፊት ዞር ብለውም አላዩት። ጎዳና ራሱን ነቀነቀ፤ ሕይወት ያለውን ፊት አግኝተዋል፣ ከእንግዲህ ወረቀት አያታልላቸውም አለ። ልጅቷ ጭምብሉን መምሰሏ አጋጣሚ ይመስለዋል። ደግ ሰው ነው፤ ወፍ እንጂ ሰው አልተማረም።

ባለፈው ሐሙስ መጥቶ ሻዩን ሳይነካ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ አጎንብሶ፣ ሄራን የሞተር ብስክሌት ኮፍያ አድርጋ፣ መረብ ለብሳ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሜዳው ላይ ብትቆም ዘጠኙን ባንድ ጊዜ መጨረስ ይቻላል አለ። ልመናው ለአሥራ አንዱ ወፎች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አክሊል ድምፁን ሳያነሳ መለሰለት።

«ልጄን ማጥመጃ አላደርጋትም።»

ጎዳና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። አክሊል በሩን ዘግቶ ወደ ጓዳ ገባና ጭምብሉን ከበቆሎ ጆንያ ውስጥ አውጥቶ መጣ። ሄራን የምትጽፍበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከደብተሯ አጠገብ አቆመው። ሂናው የለቀቀውን ዘለላ ከግንባሯ ላይ በቀስታ ገለጥ አደረገ። እሷን አየ፤ ጭምብሉን አየ። ልጅቷ ሳቀችለት፤ ፎቶ የሚያነሳት መሰላት። ግንባሯን ስሞ፣ ሰማታር ሁለት ጊዜ የተመላለሰው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ብጣሽ ወረቀትህን ሰጠሁት። አንብቦ እንደነበረች አጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ወንበር ይዞ ወደ ግቢ ወጣ።

በመስኮት አየሁት። በባዶ ፊቱ ቁራዎቹ ሥር ተቀምጧል። ከወገኖቻቸው ስንቱን ገድሏል፤ አንዱም ዞር ብሎ አላየውም። ሰባት ዓመት በሌላ ሰው ፊት ሲጠላ የኖረ ሰው፣ በራሱ ፊት ማንም አያውቀውም። ብዙ ቆይቶ ገባና እንዲህ አለኝ።

«ጻፊለት። ይምጣ። ኮፍያ እንዳያደርግ ንገሪው።»

ጭምብሉን እሳት ውስጥ ከተተው፤ ጥጡ ቶሎ ነደደ።

እንግዲህ ያልጠየቅከኝን ሁሉ ነገርኩህ። የምትመጣ ከሆነ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ ወፏን ባሳየኸኝ ቀን መሣሪያህን የተከልክበት ቦታ ላይ ቁም። ከመኪና ስትወርድ ያዩሃል። ከጣራችን ላይ ሲነሱ እኔ እሰማለሁ፤ ያን ጊዜ ለሄራን በሩን እከፍትላታለሁ። ጎዳናና ሦስት ተኳሾች አጠገብህ ጠጠር ጉድጓዱ ውስጥ ይሆናሉ። ከሦስቱ አንዱ አክሊል ነው። እጁ አይስትም፤ ጎዳናም ይመሰክርለታል። አንድ እንኳ ቢያመልጥ ግን ዕድሜ ልክህን ይከተልሃል፣ ለጫጩቶቹም ያሳይሃል። ይህን ሳልነግርህ ብጠራህ ኃጢአት ይሆንብኝ ነበር።

ባትመጣም አልረግምህም። አንድ ጊዜ ሳትመጣ ቀርተህ ኖሬያለሁ። እሷ ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አላየችም፤ ዛሬም መልስ ያላገኘችለት ጥያቄ አላት። እኔን ጠይቃ ሰልችቷታል።

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ወገብህን እግዚአብሔር ይጠግንልህ፤ መንገዱን ያቅናልህ፤ ዝናቡንም ለሊበን ሜዳ ያውርድልን፣ ያቺ ትንሽ ወፍ ብድግ ብላ ስትዘምር ለመስማት ያብቃን። ሰማታር ሻዩን ጨርሶ ክላክስ እያደረገ ነው። ድምፁን ሲሰሙ ከጣራው አንድ እንኳ አልተነሳም።

የሄራን እናት